ለደቡብ ኦሞ ልጆች ምን እናድርግ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች መሃል ስለ ደቡብ ኦሞ የሚያነሱት በዝተዋል። ሐመር፣ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ካሮ፣ ኤርቦሬ፣ ጸማይ። ብዙዎቻችን እነዚህን ሰዎች የምናውቃቸው ከካላንደርና ከሆቴል ግድግዳ ላይ ነው። አንባቢዎቻችን ግን ፎቶውን አልፈው ስለ ትምህርታቸውና ስለ ኑሯቸው እየጠየቁ ነው፤ ደስ ይላል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ መልሱ ላይ ግን ትንሽ ብረዝም አትቀየሙኝ።

*

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር የአንድ ሰፈር ልጆች ነን፤ በየወሩ የምንገናኝበት ማኅበርም አለን። ከመካከላችን ሐመር ደርሰው የመጡ አሉና የነገሩን ነገር ልባችንን ነካው። አሁን የልጆች ልብስ፣ ጫማና ደብተር ሰብስበን በኮንቴይነር ልንልክ ነው። ለማን እንላክ? ምን እንጨምርበት?
የማኅበሩ ጸሐፊ

መልስ፦ እግዜር ይስጣችሁ። ኮንቴይነሩን ግን ተዉት።

ከልብሱ ልጀምር። ያገለገለ ልብስ እዚህ አገር ሰልባጅ ነው፣ ሰልባጅ ደግሞ ጉምሩክ የሚይዘው ዕቃ ነው። ለእርዳታ ነው ብላችሁ ብታስፈቅዱ እንኳ ወረቀቱ፣ የመጋዘን ኪራዩ፣ ትራንዚተሩ፣ ከዚያ ደግሞ ከወደብ እስከ ሐመር ወረዳ ከተማ ዲመካ ድረስ ያለው የጭነት ዋጋ ሲደመር ከልብሱ ዋጋ ይበልጣል። ደብተርና እስክሪብቶማ የዞኑ ከተማ ጂንካ ገበያ ውስጥ ሞልቷል። ውቅያኖስ አሻግራችሁ የጂንካውን ባለሱቅ ገበያ ከምትዘጉበት እዚያው ብትገዙለት ለሁለታችሁም ይሻላል።

ሌላው፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረው የደብተር እጥረት አይደለም። የሐመር አባት ልጄን ላስተምር ወይስ አላስተምር ሲል ሒሳብ ይሠራል። ወንዱ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ግልገል ይጠብቃል፣ ከፍ ሲል ፍየል፣ ከዚያ ከብት ይዞ ራቅ ብሎ ያድራል። ሴቷ ውሃ ትቀዳለች፣ ማሽላ ትፈጫለች፣ ታናናሾቿን ታዝላለች፣ እህሉ ሲደርስ ወፍ ትጠብቃለች። ልጅ ትምህርት ቤት ገባ ማለት ቤቱ አንድ ሠራተኛ ጎደለበት ማለት ነው። ታዲያ በምላሹ ምን ይመጣል? ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ሥራ ያላገኘ፣ ከብት መጠበቁንም የረሳ ወጣት መንደሩ ውስጥ ካለ አባትየው እሱን አይቶ ይወስናል። እኔ ይህን ሒሳብ ስሕተት ለማለት አፌን አልሞላም። ለዚህም ነው ብዙ ቤተሰብ ካሉት ልጆች አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ልኮ ሌሎቹን ከከብቱ ጋር የሚያስቀረው።

ከዚያ ርቀቱ አለ። መንደሩ ተበታትኖ ነው ያለው፤ አራተኛ ክፍል ድረስ የሚያስተምር ነገር ቅርብ ቢገኝ እንኳ ከዚያ በላይ ለመማር ወደ ወረዳው ከተማ መሄድ ግድ ነው። ስለዚህ ልጁ የሚያድርበት ሆስቴል ያስፈልጋል። ሆስቴሉ ካለ ደግሞ ምግብ ያስፈልጋል። ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ግንብ ማስመረቅ ሁሉም ይወዳል፤ ሪባን አለው፣ ካሜራ ይመጣል፣ በር ላይ የለጋሹ ስም ይጻፋል። የምግብ አብሳይዋ ደሞዝ ሪባን የለውም። በጀት በዘገየ ወር ድስቱ ባዶ ይሆናል፤ ልጆቹም በእግራቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ከተመለሱት ውስጥ ደግሞ የሚቀሩ አሉ።

እንግዲህ ምን ላድርግ ካላችሁኝ፣ አሰልቺ የሆነውን ወጪ ያዙ። የአብሳይዋን ደሞዝ። በቆሎና ባቄላውን። ፍራሽ፣ አጎበር፣ ማታ የሚያጠኑበት የሶላር መብራት። ለሴቶቹ ሞዴስና የውስጥ ሱሪ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ሽንት ቤት። የውሃ ፓምፑ ሲበላሽ የሚገዛ መለዋወጫ። አካባቢው ላይ አንድ የእህል ወፍጮ ቢቆም እናትየዋ ከመጅና ከወፍጮ ድንጋዩ ታርፋለች፤ ልጅቷም አብራ ታርፋለች፤ ይህ ከትምህርት ጋር ምን አገናኘው የሚል ሰው ማሽላ በድንጋይ ፈጭቶ አያውቅም።

አሠራሩን በተመለከተ፣ የራሳችሁን ድርጅት ማቋቋም አይጠበቅባችሁም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 በ2011 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ነገሩ ከቀድሞው ቀሏል፤ ቢሆንም ለአንድ ሆስቴል ብሎ ድርጅት መክፈት ብሩን ለቢሮ ኪራይ መገበር ነው። እዚያው አካባቢ የሚሠራ የተመዘገበ ድርጅት ፈልጉ፤ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ሦስታችሁ ተፈራረሙ። ከመፈራረማችሁ በፊት ግን መስከረም ላይ ስንት ልጅ ነበር፣ ሰኔ ላይስ ስንት ቀረ ብላችሁ ጠይቁ። የመስከረሙን ቁጥር ብቻ የሚነግራችሁን ሰው ሁለት ጊዜ ጠይቁት። ሽማግሌዎቹ ስለ ሆስቴሉ ምን እንደሚሉም አጣሩ፤ እነሱ ያልመከሩበት ሆስቴል ልጅ አያገኝም።

በተረፈ በአንድ ጊዜ ብዙ ብር ከምትልኩ ትንሽ ትንሹን ለአምስት ዓመት ላኩ። አንደኛ ክፍል ያስገባችሁትን ልጅ ሦስተኛ ክፍል ላይ መጣል፣ ጭራሹን ካለመጀመር ይከፋል።

*

ጥያቄ፦ ሐመር ወረዳ ውስጥ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት የተመደብኩ አዲስ መምህር ነኝ፤ የመጣሁት ከጎፋ ነው። መስከረም ላይ የመዘገብናቸው ልጆች ታኅሣሥ ላይ ግማሾቹ የሉም። አለቃዬን ብጠይቀው «ሪፖርት ላይ አሉ» ብሎ ሳቀ። ወላጆቹ ለትምህርት ግድ የላቸውም ብዬ ልደምድም?
ሰ. ከሐመር

መልስ፦ ኧረ አትደምድም ወንድሜ፤ መጀመሪያ ካላንደሩን እየው።

የትምህርት ካላንደራችን የተሠራው ለደጋ ገበሬ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ በደጋው ክረምቱ የሚበረታው፣ እርሻው የሚጧጧፈው ያኔ ነዋ። አንተ ያለህበት አገር ግን ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ማሽላው የሚዘራውም ያኔ ነው፤ አነስ ያለ ዝናብ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ይመጣል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደረቅ ነው፤ ከብቱ ሣርና ውሃ ፍለጋ ይርቃል፤ ልጆቹም አብረው ይርቃሉ። ስለዚህ የጠፉብህ ልጆች አልጠፉም፣ ሥራ ላይ ናቸው። ካላንደሩን ከአካባቢው ጋር ማስማማት ይቻላል፤ ሐሳቡ ለትምህርት ሰዎች አዲስ አይደለም፤ ግን ከታች የሚጠይቅ ከሌለ ከላይ ማንም አያስታውሰውም። ወረዳውን በጽሑፍ ጠይቅ። በቃል ከጠየቅህ ንፋስ ይወስደዋል።

እስከዚያው ግን ልጆቹ የት እንዳሉ አጣራ። ወላጆቹን ለማግኘት መንደር ለመንደር መዞር አያስፈልግህም፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ዲመካ ገበያ፣ ሰኞ ደግሞ ቱርሚ ገበያ ሁሉም ይመጣል። እዚያ ሂድ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር የቡና ገለባውን በቅል እየጠጣህ አውራ። ስለ ትምህርት አትጀምር። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ጠይቅ። ትምህርቱን እነሱ ያነሱታል፤ ሲያነሱትም የሚመርር ነገር ልትሰማ ትችላለህ፤ አትከራከር፣ ስማ።

አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የሚባለውን ሥልጠናህ ላይ ሰምተኸዋል ብዬ እገምታለሁ። የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች በሦስት ዓመት የሚያስጨርስ ነው፤ ሰዓቱም እንደ አካባቢው ይስተካከላል፤ አስተማሪውም ብዙ ጊዜ የዚያው ማኅበረሰብ ልጅ የሆነ አመቻች ነው። በአርብቶ አደር አካባቢ ከመደበኛው ክፍል ይልቅ የሚያዋጣበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዳንድ መምህራን «የደረጃ ዝቅ» ያደርጉታል፣ እኔ ግን ግማሽ ዓመት ባዶ ከሚሆን ግንብ ጠዋት ማለዳ ዛፍ ሥር የሚሞላ ክፍል እመርጣለሁ።

ቋንቋውን ደግሞ አትርሳ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የመማር መብት አለው፤ መሬት ላይ ግን ደቡብ ኦሞ ውስጥ ብዙ ልጅ የሚከፍተው የመጀመሪያ መጽሐፍ በአማርኛ ነው፤ እሱ ደግሞ እቤቱ አማርኛ ሰምቶ አያውቅም። ዝም ያለው ልጅ ሰነፍ ሳይሆን ያልገባው ይሆናል። ቁጥሩን፣ ሰላምታውን፣ የከብቱን ቀለም ስም በሐመርኛ ተማር። የሐመር ልጅ ስለ በሬ ቀለም የሚያውቀውን ያህል አንተም እኔም ስለ ምንም ነገር አናውቅም፤ ሒሳብን በእሱ ብትጀምርለት ክፍሉ ይነቃል።

የሪፖርቱን ነገር በተመለከተ፣ አለቃህ ሲስቅ አብረህ አትሳቅ። የሌለ ልጅ አለ ተብሎ ሲጻፍ ወረዳው ችግር እንደሌለ ያስባል፣ ክልሉም እንደዚያው፤ ከዚያ ምገባውም ሆስቴሉም «አያስፈልግም» ይባላል። የራስህን የመገኛ መዝገብ በትክክል ያዝ፤ ጠብ ሳታነሳ፣ ዝም ብለህ በትክክል ያዝ።

*

ጥያቄ፦ ለገና ከጓደኞቼ ጋር ቱርሚ ልንሄድ ነው። ለልጆቹ ከረሜላና እስክሪብቶ ብንይዝስ? ደግሞ ለፎቶ ክፈሉ ይላሉ አሉ፣ ልክ ነው?
ቤቲ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከረሜላውን እዚያው ሸገር ብዪው። መኪና ባየ ቁጥር መንገድ ዳር የሚቆም ልጅ ክፍል ውስጥ የለም ማለት ነው፤ ያስለመድነውም እኛ ነን። እስክሪብቶ መስጠት ከፈለግሽ ለትምህርት ቤቱ ስጪ።

ለፎቶ ክፈሉ ማለታቸው ልክ ነው። የፊታቸውን ፎቶ ሌላው እየሸጠ ሲበላ እነሱ ለምን በነፃ ይነሱ? ዋጋውን አስቀድመሽ በአስጎብኚው በኩል ተስማሚ፣ ተደብቀሽ አታንሺ። ከካሜራው በፊት ግን ጂንካ የሚገኘውን የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከል ሙዚየም ገብተሽ እዪ። ሐሙስ ላይ ካለፍሽ ቀይ አፈር ገበያ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ ማር ግዢ፣ ቅል ግዢ፣ ሰው አውሪ። ተገዝቶ የሚሄድ ገንዘብ ተለምኖ ከሚሄደው ይሻላል።

*

ጥያቄ፦ እውነቱን ልናገር? ለእነዚህ ሰዎች ትምህርት ትምህርት የምትሉት ነገር አይገባኝም። የራሳቸው ባህል፣ የራሳቸው ሕግ አላቸው፣ ደስተኛ ናቸው። ለምን አትተዋቸውም? ተምረው እንደኛ በታክሲ ሰልፍ ሊሰቃዩ?
አንድ ተቺ አንባቢ

መልስ፦ የታክሲ ሰልፉ ላይ እንስማማለን። «ተዋቸው» የሚለው ግን የሚሠራው የተተዉ ቢሆን ነበር።

ኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው፣ ለአገር ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። የታችኛው ኦሞ ሰው ግን ለዘመናት የኖረው ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ዘርቶ ነው። ካሮ፣ ኛንጋቶም፣ ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ዳሰነች ሁሉም በዚያ ይበላሉ። ግድቡ ሲቆም ያ ዓመታዊ ሙላት ቀረ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት መጣ፤ ከብት ይውልበት የነበረ መሬት ወደ ሸንኮራ አገዳ ዞረ፤ ሰዎችም በመንደር ተሰባሰቡ ተባሉ። በ2014 እና በ2015 በነበረው ድርቅ የዳሰነች ከብት አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ኦሞና ቱርካና ሐይቅ ሞልተው ኦሞራቴ አካባቢ ያለውን ሰው ከቀዬው አፈናቀሉት። ታዲያ ማን ተዋቸው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አርብቶ አደር ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል፤ በአንቀጽ 89 ደግሞ በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕዝቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ ያደርጋል ይላል። ጥሩ ነው። ግን መሬትን የሚመለከት ወረቀት ወደ መንደሩ ሲመጣ በአማርኛ ተጽፎ ነው የሚመጣው፤ ያን ወረቀት አንብቦ «አባባ፣ ይህ ላይ ጣት አታሳርፍ» የሚል የራሳቸው ልጅ ቢኖርስ? የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቋንቋቸውን የምትናገር የራሳቸው ልጅ ብትሆንስ? ትምህርት ስል ይህን ማለቴ ነው እንጂ ሁሉም ሰው ቦሌ መጥቶ ቢሮ ይግባ አላልኩም።

አንድ ቦታ ላይ ግን አንተም እውነት አለህ። ትምህርት በግድ ሲሆን መዘዝ ያመጣል። 2007 ዓ.ም. ላይ ሐመር ውስጥ ሰዉና ፖሊስ ተጋጭተው ደም ሲፈስ፣ ከግጦሹና ከማጎ ፓርኩ ጣጣ ሌላ፣ ሴት ልጆችን ትምህርት ቤት አስገቡ የሚለው ግፊትም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። አባቶቹ ሴት ልጅ አትማር ያሉት በክፋት ብቻ አይደለም፤ ሴት ልጅ ስትዳር የሚመጣው ከብትና ፍየል ወንድሟ የሚያገባበት ነው፤ ከተማ ሄዳ የራሷን ሰው ብታገባ የብዙ ሰው ኑሮ ይናጋል ብለው ይፈራሉ። እኔ ልጅቷ መማር አለባት ባይ ነኝ፣ በዚህ ላይ አልደራደርም፤ ግን ኮታ ይዞ መኪና ከመላክ ይልቅ ከአባቶቹም ከእናቶቹም ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገሩ ረጅም ቢሆንም የሚያደርሰው እሱ ነው። ወንዱም ቢሆን ለአቅመ አዳም መድረሱን ለማሳየት ከብት የሚዘልበት ጊዜ ሲደርስ ፈቃድ ስጡት፤ ዘሎ ይመለስ። የምሽቱን ጭፈራ ኢቫንጋዲን ስለጨፈረ ሒሳብ የጠፋበት ልጅ የለም።

*

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የስዊድን ዜጋ ነው። ሚንጊ ተብለው የሚጣሉ ሕፃናት እንዳሉ አንብበን አንዱን በጉዲፈቻ ልንወስድ አሰብን። ከየት እንጀምር?
ከስቶክሆልም

መልስ፦ እህቴ፣ የውጭ ጉዲፈቻ ከጥር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ቆሟል፤ የሚያስጨርስልሽ ደላላ አለ ብሎ የሚደውል ሰው ካለ ዝጊበት። ሚንጊ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለን ወይም ከሕጋዊ ጋብቻ ውጪ የተወለደን ልጅ እንደ መዓት ቆጥሮ የማስወገድ ልማድ ነው፤ የካሮ ሽማግሌዎች ራሳቸው በ2004 ዓ.ም. ይብቃ ብለው አውግዘውታል። ያስቆሙትም ከውጭ የመጡ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ የራሳቸው የተማሩ ልጆች ናቸው ሽማግሌዎቹን ያግባቡት። የተረፉትን ሕፃናት እዚያው፣ ቋንቋቸውን እየሰሙ የሚያሳድጉ ቤቶች አሉ፤ መርዳት ከፈለጋችሁ በእነሱ በኩል ይሁን።

*

ጥያቄ፦ የኛንጋቶም ልጅ ነኝ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ሬሜዲያል (የአቅም ማሻሻያ ትምህርት) ላይ ነኝ። አማርኛዬ ሲሰባበር ይስቁብኛል፤ «እናንተ ጋ ልብስ ይለበሳል?» ያለኝም አለ። ፈተናውን የማልፍ አይመስለኝም። ትቼው ወደ ከብቱ ልመለስ?
ሎ.

መልስ፦ አትመለስ። ቢያንስ ፈተናውን ሳትቀመጥ አትመለስ።

2014 ዓ.ም. ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰደው ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው፤ በ2015 ደግሞ 3.2። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አስጠኚ ተቀጥሮለት፣ ኢንተርኔት እቤቱ ገብቶለት የወደቀው ስንትና ስንት ነው። ሬሜዲያሉ የተጀመረው ለዚህ ነው፤ ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪ የመግቢያ ነጥቡ ዝቅ የተደረገውም ውለታ ሊውሉልህ ሳይሆን ያለፍክበት ትምህርት ቤት ከእነሱ ትምህርት ቤት ጋር ስለማይወዳደር ነው። ስለዚህ አንገትህን አትድፋ።

የሚስቁብህ ልጆች ስንት ቋንቋ ይችላሉ? አንተ ኛንጋቶምኛ አለህ፣ በዚያው ድንበር ተሻግረህ ከቱርካና ሰው ጋር ያለ አስተርጓሚ ትግባባለህ፤ ላዩ ላይ አማርኛ ጨመርክ፣ አሁን ደግሞ በእንግሊዝኛ ትፈተናለህ። የልብሱን ጥያቄ ለጠየቀህ ልጅ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብህም። ነገሩ ከተደጋገመ ግን የተማሪዎች ዲን ቢሮ ሂድና በስም አመልክት፤ አብሮህ የሚመሰክር ጓደኛ ይዘህ ሂድ።

አሁን ወደ ሥራው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛህን ለማሳመር ጊዜ አትጨርስ፤ ለሱ ዕድሜ ልክህን ትደርስበታለህ። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሰብስብና ያልገባህን ቃል እየጻፍክ ትርጉሙን በኛንጋቶምኛ አስቀምጥ፣ በአማርኛ አይደለም፤ በቀጥታ ሲሆን ይያዛል። ከዳሰነች፣ ከሐመር፣ ከቦረና፣ ከአፋር የመጡ ልጆች ግቢው ውስጥ አይጠፉም፤ ፈልጋቸውና አብራችሁ አጥኑ፤ ማታ ማታ አንዱ ለሌላው ያስረዳ። መምህሩ ቱቶሪያል አለ ሲል አትቅር፣ ካልተባለም ጠይቅ። ቤተሰብህ ብር መላክ ካልቻለ የወረዳህን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለትራንስፖርትና ለጽሕፈት መሣሪያ ድጋፍ ጠይቅ፤ ደብዳቤውን ዩኒቨርሲቲው ማኅተም አድርጎ ይጻፍልህ፣ በእጅህ ይዘህ ስትቀርብ መልሱ ይለያል።